እንግሊዛዊው ስለ እናቱ ያወራው

ዛሬ ጣና ዳር የእርጥብ ደንገል ሽታ አያቴን መሪጌታን አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ትምህርት ቤት «የእንግሊዝ ሕዝብ በቅኝ ግዛቱ ይኮራ ነበር» ተባልን። አያቴ በወጣትነታቸው፣ ጣልያን ሳይመጣ፣ ሐይቁን ሊለኩ የመጡ እንግሊዞችን በደንገል ታንኳ አመላልሰዋልና እቤት ስገባ ጠየቅኋቸው።

«እውነት ሁሉም ይኮሩ ነበር፣ አባባ?»

«አንዱን በአስተርጓሚ ጠይቄው ነበር» አሉ። «አባቱ ሰንደቅ ዓላማቸው ሲሰቀል በኩራት ያለቅሳል አለኝ። እናቱ ግን የሚገዙት አገር ወዴት እንደሆነ እንኳ አታውቅም፤ የምታውቀው ከዚያ የሚመጣላትን ሻይ ነው።»

እናቴ ደንግጣ በሩን ዘጋች። «ኧረ ቀስ ይበሉ! የቀበሌው ካድሬ ቢሰማ እንግሊዝን ያወድሳሉ ይልዎታል።»

«እንግሊዙ ራሱስ ይኮራ ነበር?» አልሁ በሹክሹክታ።

«ይህን ስጠይቀው የመለኪያ ገመዱን መልሶ ወደ ሐይቁ ጣለ።»

አገሩ ሲገባ እናቱ ስለ እኛ ጠይቃው ይሆን? እስከ ዛሬ አስባለሁ።