ስም አይጠይቅም የተባለው አፕ

ፈረንሳይ ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ግጥም ግድግዳ ላይ የማሳየው እኔ ነኝ። ዘማሪዎቹን ተከትዬ ገጽ እቀይራለሁ፤ ትንሽ ብዘገይ ጉባኤው ሁሉ ዞሮ ያፈጥብኛል።

አንድ እሁድ ላፕቶፑ አልነሳ አለ። «በስልክሽ አድርጊው» አሉኝ መጋቢው። ስልኬን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘሁት። እሺ ማለቴ! ምን ነክቶኝ ነው?

ስልኬ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። ከሳምንት በፊት ስለ እምነት ጥያቄ የሚቀበል አፕ ጭኜ ነበር። ስም አይጠይቅም፣ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፤ «ማን እንደሆኑ እኛም አናውቅም» ይላል። አመንኩትና ለማንም ያልተነፈስኩትን ጻፍኩለት። የምፈራው እማዬን ብቻ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። እሁድ እሁድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ፣ ገጽ ስቀይር በኩራት ታየኛለች። ይህን ብታውቅ ልቧ ይሰበራል ብዬ ነበር የደበቅኩት።

የሁለተኛው መዝሙር አዝማች ላይ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። ቀና ስል ከግጥሙ በላይ፣ ክንድ በሚያህል ፊደል እንዲህ የሚል ወጥቷል፦ «ጥያቄዎ መልስ አግኝቷል፦ ‹ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። የምመጣው የምወደው ሰው እንዳያዝንብኝ ብዬ ነው...›»

ክው አልኩ። ጣቴ ማጥፊያውን ፈልጎ አጣው። ከኋላ አንድ ሰው «አሜን!» አለ፤ የመዝሙሩ ክፍል መስሎት ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ መዝሙሩም ቀጠለ። ስሜ የትም የለም፤ ስልኩ ግን በእጄ ነው! አናውቅሽም እያለ ጉዴን ግድግዳ ላይ ከለጠፈው፣ ከማን ነው የደበቀኝ? አየው ሰው? አላየውም? እማዬስ? ይህን ሳብሰለስል ስብከቱ አለቀ፤ አንድ ቃል አልሰማሁም።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሌላ ጊዜ ያገኘችውን ሁሉ ሳትስም አትወጣም፤ ያን ቀን ማንንም ሳታይ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«ሰምተሽኝ ነው አይደል?» አለች።

«ምኑን?»

«ጓዳ ስጸልይ። የሚሰማኝ የለም ያልኩትን። አንዲት የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ናት የምትለየን፣ መቼም ይሰማል። ታዲያ ለብቻዬ አትነግሪኝም? ሕዝብ ፊት ታጋልጪኛለሽ?»

ዞረብኝ። እንደዚያ ቀን ግራ ገብቶኝ አያውቅም። ማን ነው የተጋለጠው? እኔ ነኝ ወይስ እሷ?

«እማዬ፣ የእኔ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ስለ ራሴ።»

«ሞኝሽን ፈልጊ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እኔን ለመሸፈን ብለሽ በራስሽ ላይ አትዋሺ። እኔ እንኳን የምመጣው አንቺ ከአገልግሎትሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው።»

ሳምንት ሙሉ የፈራሁትን እውነት ተናግሬ አታምነኝም! ተናደድኩ፣ ደግሞም አንጀቴን በላችው። ስልኬን አውጥቼ አፑን ከፈትኩላት። የቅርብ መነጽሯን አልያዘችም።

«አንብቢልኝ» አለች።

መንገድ ዳር ቆሜ የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፤ የምወደው ሰው ያልኩት እሷን መሆኑንም ነገርኳት። ስጨርስ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ።

«መልሱስ?» አለች። «መልሱስ ምን ይላል?»