ዘርፌ የመረጠችው መጽሐፍ

ቀበሌው የዘርፌን ልጅ ከገርጂ ኳስ ሜዳ አፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና በሰጠ በሦስተኛው ቀን፣ እናትየዋ ሃያ ሁለት ሰፈር ሄዳ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ሐምዛ ፊት ቆመች።

«በረሃ ላይ ውሃ እንዴት እንደሚገኝ፣ የትኛው ሥራሥር እንደሚበላ የሚያስተምር ስጠኝ። ልጄ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሥዕል ይኑረው።»

ፊደል ስለማታውቅ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አይታ መረጠች። የታፈሱት ልጆች ወደታጎሩበት ግቢ ይዛው ሄደች። የበሩ ወታደር ገለጥ ገለጥ አደረገና አፈጠጠባት።

«እናት፣ ሠራዊቱ ቀለብ ሞልቶታል! ሥር ቆፍሮ መብላት የሚማር ሊከዳ ያሰበ ነው። ልጅዎን ሊያስረሽኑት ነው?»

መጽሐፉን ነጥቆ አባረራት። ጥቂት ሄዳ ዞር ስትል፣ ያ ቀለብ ሞልቷል ባይ ግራ ቀኙን አይቶ መጽሐፏን ካፖርቱ ውስጥ ሲሸጉጥ አየችው።