የክርስትና እናቴ ልጅ

የነርስነት ትምህርቴን ለመጨረስ አንድ ተጨማሪ ኮርስ ያስፈልገኝ ስለነበር ከሥራ ሰዓቴ ጋር የማይጋጨውን መረጥኩ። አንትሮፖሎጂ ሆነ። በየአገሩ ቤተሰብ ማን እንደሚባል፣ ማን ማንን እንደሚያገባ ያጠናል። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል ወይ ብዬ በሆዴ ስቄ ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን ዝምድናችንን በሥዕል እንድናሳይ አዘዘችን፤ ወንድ ሦስት ማዕዘን፣ ሴት ክብ። እኔ እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ የክርስትና እናቴ ናት። እሷን ሳልኩ፣ ከሥሯ ልጇን፣ ከጎኑ ራሴን። መምህሯ አየችና ወደ እኔ የሚመጣውን መስመር ነጠብጣብ አድርጊው አለችኝ። እንዲህ ያለው ዝምድና ፊክቲቭ ይባላል፤ ልብ ወለድ ማለቷ ነው።

ደሜ ፈላ። ታቅፋ ያስጠመቀችኝን ሴት ማን ልብ ወለድ አደረጋት? ንዴቴ ሳይበርድ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ልብ ወለድ ከሆነ እኮ ልጇም ወንድሜ አይደለም።

እወደዋለሁ። እንደ ወንድም አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የክርስትና እናት ልጅ ወንድም ስለሆነ ጋብቻ አይታሰብም፤ ስለዚህ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እሱም አላገባም፤ እዚሁ ኦሃዮ፣ ሬይኖልድስበርግ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እሁድ እሁድ እነሱ ቤት እበላለሁ። በረዶ ሲጥል ቀድሞኝ ወጥቶ የመኪናዬን መስታወት ይፍቅልኛል፤ ከጠራም በኋላ መፋቁን አይተውም። እኔም ውስጥ ተቀምጬ አላቸኩለውም።

«ከጓደኞችህ አንዱን አታስተዋውቃትም? ወንድም ለመቼ ነው?» ትለዋለች እናቱ።

«እሺ እማዬ» ይላል። አንድም ሰው አምጥቶ አያውቅም።

ከክላስ እንደወጣሁ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት።

«ቢዚ ነህ?»

«ድራይቭ እያደረግኩ ነው። ምነው፣ ደኅና ነሽ?»

«ክላስ ላይ ምን እንዳሉን ታውቃለህ? የክርስትና ዘመድ ዘመድ አይደለም። እኔና አንተ ምንም አይደለንም።»

የፍሬቻው ድምፅ ይሰማኛል፤ ዳር ይዞ መቆሙ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ እንደገባው አወቅኩ።

«እኔም ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ መሰለሽ» አለኝ በመጨረሻ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ቀጥሎ ግን፣ «እማዬ ትችለዋለች?» አለ።

አትችለውም። ሁለታችንም እናውቃለን።

«በል ሂድ፣ ሃይዌይ ዳር አትቁም» አልኩት፣ እንደ እህት።