የዋቅጅራ ሙቅ ጭድ

ዋቅጅራ ንፋስ ስልክ ሰፈር ውስጥ መታማት የጀመረው በጎመን ነው። ሚስት የሌለው፣ ልጅ የሌለው ሰው በየጠዋቱ አንድ እቅፍ ጎመን ይዞ ጓዳ ይገባል፤ ወጥ ግን አይሸትም። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የጓዳው አምፖል በቀትር ይበራ ጀመር። ጎረቤቱ እትዬ ሸዋረገድ የሰው ድስት ካልከፈቱ የራሳቸው አይበስልላቸውምና፣ "ሰው ደብቋል" ብለው ፈረዱ። ጊዜው የቀይ ሽብር ማግስት ነው፤ ሰው የደበቀ የት እንደሚገባ ማንም ያውቃል።

የተደበቀችው ኤሊ ነበረች። ዋቅጅራን አትክልተኛ አድርጎ ያሠራው የነበረ ፈረንጅ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ጥሏት ሄደ። የበረሃ ፍጥረት ናት፤ የአዲስ አበባ ክረምት ይገድላታል። ዋቅጅራም ፈረንጁ ሲያደርግ እንዳየው፣ በአንድ ረጅም ሳጥን አንደኛው ጥግ አምፖል ዝቅ አድርጎ ሰቀለ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይና ጭድ አነጠፈ፤ ሙቀቱ እንዳይሸሽ ላዩን በጆንያ ሸፈነ። ሌላውን ጥግ ጭድ ብቻ አልብሶ፣ ሆን ብሎ ሳያሞቅ ተወው። "የፈረንጅ ንብረት ሸሸገ" እንዳይባል ግን ለማንም አልተነፈሰም። ወተት ሻጩ "እንዴት አደርክ?" ሲለው እንኳ "ለምን ጠየቅከኝ?" ይል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት የአብዮት ጥበቃው ነጋ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። እትዬ ሸዋረገድም ሳይጠሩ ተከተሉት። ነጋ ጆንያውን ገለጠና እጁን አምፖሉ ሥር ጭዱ ውስጥ ሰደደ። ጭዱ ይሞቃል፤ የተኛበት ግን የለም።

"አሁን የተነሳ ሰው መኝታ ነው" አለ። "የት ገባ?"

"ጓድ ነጋ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ሰው ይተኛል?"

"የሚፈለግ ሰው ይታጠፋል።"

ዋቅጅራ የወዲያኛውን ጥግ ጭድ ገለጠ። ኤሊዋ አንገቷን ከታ ተቀምጣለች።

ነጋ ዓይኑን አጠበበ። "ለሷ ካሞቅክላት ብርዱ ውስጥ ምን ትሠራለች?"

"ሲሞቃት ትሸሻለች፣ ሲበርዳት ትመለሳለች። ሁሉንም ባሞቀው ትቀቀላለች።"

"ወላዋይ ናት በለኛ። እሺ፣ እናያለን። እሷ ወደ ሙቀቱ ካልተመለሰች አንተ ከኔ ጋር ትሄዳለህ።"

ሦስቱም ሳጥኑን ከበው ተቀመጡ። ዋቅጅራ የሚያውቀውን ጸሎት ጨርሶ የማያውቀውን ጀመረ። ኤሊዋ አንገቷን ብቅ አደረገች፣ ጠመንጃውን አየች፣ መልሳ ከተተች።

"አየህ፣ ፈራች" አሉ እትዬ ሸዋረገድ። "የምትደብቀው አላት።"

ቆየት ብላ አንድ እግሯን አነሳች። ደግሞ ቆየች። ዋቅጅራ ሊገፋት እጁን ሰነዘረ፤ ነጋ በዓይኑ መለሰው። ቀስ እያለች፣ ነፍስ እያወጣች፣ አምፖሉ ሥር ደረሰችና ድንጋዩ ላይ ተዘረጋች።

ነጋ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ወጣ።

እትዬ ሸዋረገድ ኮቴው እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ዋቅጅራ ጠጋ ብለው፣ "ሰውየውስ?" አሉት በሹክሹክታ። "ለኔ እንኳ ንገረኝ።"