ፈረንጇ የለበሰችው ጋቢዬ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ስልክ በኪስ ይዞ መዞር ግን ወደ እኛ አገር ገና አልመጣም። ቡሬ ከተማ አንዲት ምግብ ቤት ወጥ እሠራ ነበር። ነገሩን እስከ ዛሬ የማልረሳው፣ ያን ሁሉ መንገድ እናቴ ሞታለች እያልሁ ስለተጓዝሁት ነው። ስደርስ ያገኘሁት ደግሞ ሌላ ነው።

ፈረንጆች በቡድን ሆነው መጡ። ከቡሬ ወደ ዓባይ ቆላ ወርደው፣ ጫካ ለጫካ እያደሩ፣ በእናቴ አገር፣ በማንኩሳ በኩል ሊወጡ ነው አሉ። ያውም በእግራቸው። የሚመራቸው ማስተዋል የሚባል የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ምግብ የምታበስል ሴት ሲያፈላልግ እኔን አገኘ። ምን ሊያዩ እንደሚሄዱ ብጠይቀው "ዛፍ" አለኝ። ዛፍ ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ግራ እየገባኝ ድስቴን ሸክፌ ተከተልሁ።

ቆላው ደስ ይላል፣ ውሸት አልናገርም። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ፈረንጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፣ እኔ ደግሞ እነሱን እያየሁ እስቃለሁ። ከመሐላቸው አንዲት ሸምገል ያለች ሴት ነበረች። ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታግዘኛለች፤ ዓይኗ እንባ እያፈሰሰ ቢላዋውን አትለቅም። ቋንቋ ባንግባባም ተዋደድን።

ይቺው ሴት አንድ ቀን ጠዋት ቁልቁለት ላይ አንሸራተታትና እግሯ ተሰበረ። የዚያው አገር ገበሬዎች እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩላት። ፀሐዩና ዝንቡ እንዳይበላት ብዬ የራሴን ጋቢ እስከ ፊቷ አለበስኋት። እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ፣ ጥለቱ ሰፊ፣ ከሩቅ የሚታወቅ ጋቢ ነው። አንድ ፈረንጅ አብሯት ሆኖ መኪና ወደሚገኝበት ወደ ማንኩሳ ይዘዋት ወጡ፤ እኛ እዚያው ቀረን።

በማግስቱ ምስር እየለቀምሁ ቀና ስል፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ደመላሽ ከዛፉ መሐል ብቅ አለ። እኔን ሲያይ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ስጪኝ አለ። ጨልጦ ጠጣና፣

"እናታችን ትፈልግሻለች፣ እንሂድ" አለኝ።

"ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነች። ደኅና ናት።"

በእኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰውየውን ፈልገውህ ነው፣ ምንም የለም፣ ደኅና ናቸው እያሉ አገሩ ያደርሱትና፣ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ነው የሚያረዱት። አያ የተናገረው ቃል በሙሉ የመርዶ ነጋሪ ቃል ነው።

ወዲያው ማስተዋልን ለብቻው ጠርቶ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ማስተዋል ለፈረንጆቹ ነገራቸው። የሁሉም ፊት ተለወጠ። ማስተዋል የምስሩን ሰፌድ ከእጄ ተቀብሎ "አይዞሽ" አለኝ፤ አንዱ ሽማግሌ ፈረንጅ ባርኔጣውን አውልቆ አቀፈኝ። ከዚህ በኋላ ምን ልጠርጥር?

አቀበቱን ስንወጣ አያ በሶ እየበጠበጠ ጠጪ፣ ጠጪ ይለኛል። መርዶ የሚነገረውን ሰው አስቀድመው እህል ያስቀምሱታል፣ ኋላ እንቢ ስለሚል። ግራ ያጋባኝ ደግሞ ፊቱ ነው። ዘወር ብሎ ያየኝና ፈገግ ይላል። እናቱን የቀበረ ሰው ፈገግ ይላል? እንዲህ ስል ደግሞ ዓይኑ እንባ ይሞላል።

"አያ፣ በማርያም ይሁንብህ፣ እውነቱን ንገረኝ።"

"ደኅና ናት አልሁሽ እኮ። ተራመጂ።"

ማንኩሳ ስንቃረብ የሚያውቁኝ ሰዎች እያዩኝ ባሉበት ይቆማሉ። አንዷ ጌሾ ሻጭ፣ ደንበኛዬ ናት፣ ሸክሟን አውርዳ አማተበች። ቀርባ ክንዴን በጣቷ ነካ አደረገችኝና ሰላም እንኳ ሳትለኝ ሄደች። ሐዘን አይተውብኝ ነው አልሁ። ግን ሐዘንተኛ በጣት ይነካል?

ከቤታችን በላይ ያለው ጥምዝ ላይ ስንደርስ ልቅሶው ተሰማኝ። አያ "ቆይ፣ እኔ ልቅደም" እያለ ሲይዘኝ አምልጬው፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ፣ እናቴን እናቴን እያልሁ ግቢው ውስጥ ገባሁ። አልቃሿ ስም እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። የእናቴ ስም አይደለም። ጥሩወርቅ ትላለች። ጥሩወርቅ እኔ ነኝ።

እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ መሐል ላይ ተቀምጣለች። አልደብቅም፣ ራሴን ዳሰስሁ። የሞትሁት እኔ ነኝ እንዴ አልሁ በልቤ።

እናቴ ተነሥታ መጣች። ጉንጬን ነካች፣ አንገቴን አሸተተች። ከዚያ፣

"ጋቢሽስ?" አለችኝ።

"ለፈረንጇ አለበስኋት። እግሯ ተሰብሮ።"

መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ቃሬዛው ማንኩሳ የደረሰው በገበያ ቀን ነበር። ፊቱ የተሸፈነ ሰው በቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ሁሉ ሬሳ ነው አለ። ከፈረንጆቹ ጋር የወረደች ሴት ሞተች ተባለ፤ ጎረቤታችን ደግሞ ጋቢውን ለየችው። ተሸካሚዎቹ ወዲያው ስለተመለሱ መኪናው ወዴት እንደወሰዳት የሚያውቅ ሲጠፋ፣ አያ ሬሳዬን የት እንዳደረሱት ሊጠይቅ ወደ ቆላው ወረደ። ለማስተዋልም ቤታችን ልቅሶ ነው ብቻ ነው ያለው፣ የማን እንደሆነ አልነገረውም።

በኋላ ለምን ደበቅኸኝ ብዬ ብጠይቀው፣ "ሬሳሽን ፍለጋ መጣሁ ብዬ ልንገርሽ? አፌ እንቢ አለኝ" አለ።

ያን ቀን የራሴን ንፍሮ በላሁ። አክስቴ ንፍሮውን እየዘገነችልኝ "ስንት ልቅሶ ደርሻለሁ፣ ሟች ስትበላ ግን ያየሁት ዛሬ ነው" ብላ ቤቱን አሳቀችው።

ዛሬ ሳስበው እኔም እስቃለሁ። በቁሙ እንዲህ እንደሚለቀስለት ያየ ሰው ስንት አለ? ያ መንገድ ግን አሁንም ይገርመኛል። ሁለታችን ጎን ለጎን ስንሄድ እሱ እህቱ ተነሥታለታለች፣ እኔ እናቴ ሞታብኛለች። መንገዱ ግን አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ አያ ደመላሽ ቡሬ ቤቴ በመጣ ቁጥር፣ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ "ሁሉም ደኅና ነው" ብሎ ይጣራል። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ልጆቼ ይስቁበት ነበር።

እናቴ የሞተች ጊዜም የመጣው እሱ ነው። አጥሩ ጥግ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ "እንዴት አደርሽ" አለኝ።