ኦጎላ በሕልሙ ያያቸው ጨዋታዎች

ኦጎላ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። የሚሠራው እኔ ዓሣ ከምጠብስበት ዳስ ጎን፣ ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ነው። ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን ሲፈልግ እንኳ አፉ ስለ ኳስ ያወራል። ኪሱሙ ከተማ ውስጥ ስለ ኳስ የማያወራ ወንድ የለም፤ እሱ ግን ከሁሉም ይብሳል።

በዚያ ዓመት የአገራችን ቡድን በማጣሪያው ስለወደቀ ለአፍሪካ ዋንጫ የሰው አገር መደገፍ ነበረብን። ኦጎላ ሴኔጋልን መረጠ።

“ለምን?” አልኩት።

“በረኛቸው አፉ አያርፍም፣ የአሌጎ ልጅ። ዝም የሚል በረኛ አይታመንም።”

አሌጎ እዚህ ከመዳሬ በፊት የተወለድኩበት አገር ነው፤ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። አስተያየቱ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ፀጉሩን ሲያሳምር የሚውል አጥቂ ከዕረፍት በኋላ ይደክማል። በሙቀት ኮት የሚለብስ አሰልጣኝ ጭንቅላቱ ስለሚግል ተጫዋች መቀየር ይረሳል። ይህን ሁሉ የሚናገረው ሕግ እንደሚያነብ ሰው ነው። ሲሳሳት ጥፋቱ የዳኛው ነው።

ዋንጫው በተጀመረ ሰሞን የኦጎላ ልጅ ሚስት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረና አላቆም አለ። ጡት ሲሰጡት ጥቂት ይስብና ፊቱን አዙሮ ይጮኻል። ነርሷ አገላብጣ አይታው ምንም አላገኘችበትም። የኦጎላ ሚስት ሮዝሊዳ ግን ወዲያው ገባት፤ ከሞቱት ዘመዶች አንዱ ስሙ ለልጁ እንዲወጣ ፈልጓል። ሕፃኑን ታቅፋ የሙታኑን ስም አንድ በአንድ ጠራችለት። እኛ ዘንድ ሕፃን የእሱ የሆነው ስም ሲጠራ ዝም ይላል። የቅድመ አያቱን ስትጠራ ጮኸ፣ የአጎቱን ስትጠራ ባሰበት። ስሞቹ አለቁ፤ ልጁ እየከሳ ሄደ።

“የሞተ ዘመድ በሕልሙ ያየ ሰው የለም?” ብላ ግቢውን ሁሉ ጠየቀች። ባሏንም ጠየቀችው።

“የሞተ አላየሁም” አላት።

ሕልም ግን ያይ ነበር። ያውም እንዴት ያለ ሕልም! ቀትር ላይ ነፋሱ ሲወድቅ፣ እምቦጩ ሐይቁን ሸፍኖ መሬት ሲመስል፣ ጀልባዎቹ የቆሙ ይሁኑ የሚሄዱ ሳይለይ፣ ኦጎላ ሾላው ሥር ጋደም ይላል። ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ኦዴራ ይመጣል። ኦዴራ በወጣትነቱ የመንደራችን በረኛ ነበር፤ እኔም አስታውሰዋለሁ፣ ኳስ የሚይዘው ሕፃን እንደሚቀበል ሰው ቀስ ብሎ ነበር። መርከብ ላይ ሊሠራ ሞምባሳ ወርዶ በዚያው ቀረ። ስንት ዘመኑ! መልእክት የለ፣ ወሬ የለ። ኦጎላ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ከሞምባሳ አውቶብስ ሲገባ አሁንም ቀና ብሎ ያያል።

“ወንድሜ የጨዋታውን ውጤት እዚያ ሆኖ ይልክልኛል” እያለ ለዓሣ አጥማጁ ሁሉ አወራ። መጀመሪያ ኦዴራ ሦስት ቆሮሶ ዓሣ በገመድ አንጠልጥሎ ሲያልፍ አየው። “ሴኔጋል ሦስት ታገባለች” አለ፤ ሦስት አገባች። ሌላ ቀን ባዶ እጁን መጣ። “ዛሬ ጎል የለም” አለ፤ እውነትም ያለ ጎል አቻ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ጨዋታውን በምናይበት በቆርቆሮው ቤት ከፊት ወንበር ተሰጠው። እኔማ ኳስ ሲነሳ ጆሮዬን እደፍናለሁና ከሕልሙ ግማሹን እንኳ በወጉ አልሰማሁትም።

የፍጻሜው ቀን ቀትር ላይ ተኝቶ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ ወደ ዳሴ መጣ። ዓይኑ ገና ከዚያው ዓለም አልተመለሰም።

“ኦዴራን አየሁት። ከራሱ እስከ እግሩ ርሷል። ተቀምጧል። በረኛ ከተቀመጠ ጨዋታው እስከ ፍጹም ቅጣት ምት ይሄዳል ማለት ነው።”

“ለምን ራሰ?”

“ሞምባሳ ይዘንባላ!”

“የት ነው የተቀመጠው?”

“የልጄ ቤት ደጃፍ ላይ። ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም።”

ዓሣውን ከዘይቱ ማውጣት ረሳሁ።

“ያን ቆሮሶውንስ ወዴት ነበር ይዞት የሚሄደው?”

“ወደዚያው ቤት።”

“ባዶ እጁን የመጣ ዕለትስ?”

 ተንበርክኮ ጎማ መፍታት ጀመረ።

“አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ አገር ምድሩን ስትጠይቅ…”

“የሞተ ነው ያለችው!” ብሎ ጮኸብኝ። “ወንድሜ አልሞተም፣ የአሌጎ ልጅ። በሕያው ሰው ላይ እንዳሟርት ነው የምትፈልጊው?”

“እኔ ሞተ አላልኩም። ስሙን ጥራለት። የእሱ ካልሆነ ልጁ ማልቀሱን አይተውም።”

ጎማውን መሬት አስቀምጦ ተነሣ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ካለቀሰ ኦዴራ በሕይወት አለ ማለት ነው” አለኝ።

“አዎ።”

መጥበሻዬን አውርጄ አብሬው ሄድኩ። በቆርቆሮው ቤት ስናልፍ ዓሣ አጥማጁ ኦሞሎ አንገቱን አውጥቶ፣ “ነቢያችን! ስንት ለስንት ነው? ወይስ ዛሬ ሕልሙን ሚስትህ ቀማችህ?” ብሎ ቀለደ። ኦጎላ ዞር ብሎም አላየው።

እኛ ዘንድ የባል አባት ምራቱ ካለችበት ጎጆ አይገባም። ደጅ ቆመ። ከውስጥ የሕፃኑ ልቅሶ ይሰማል፤ ደክሞታል፣ እንደ በፊቱ አይደለም። ሮዝሊዳ ብቅ ብላ ፊታችንን አየችና ምንም ሳትጠይቅ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

“ኦዴራ” አለ ኦጎላ፣ ለራሱ የሚናገር ያህል ቀስ ብሎ።

ሕፃኑ አለቀሰ። የኦጎላ ፊት ሲበራ አየሁት፤ ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

“እንዲያ ተብሎ ይጠራል?” አለች ሮዝሊዳ። “ወንድምህን እንዴት ነበር የምትጠራው?”

እምቢ ሊል ፈለገ፤ እንደ ፈለገ አይቼበታለሁ። ሕፃኑ ሳል ያዘው። ኦጎላ እጆቹን አፉ ዙሪያ አድርጎ፣ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ግብ ላይ የቆመን በረኛ እንደሚጠራ ሰው፣ “ኦዴራ! ኦዴራ ሆይ!” አለ።

ልቅሶው ተቋረጠ። ጥቂት ቆይቶ ጡት ሲስብ ተሰማን፤ አልጠግብ ብሎ እየተጣደፈ። ሮዝሊዳ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ባሏን አይታ አፏን በነጠላ ጨርቋ ሸፈነች። ከታች ከቆርቆሮው ቤት ጩኸት ተነሣ፤ ማን እንዳገባ አላወቅንም። ስሙን ጥራለት ያልኩት እኔው፣ ያን ሰዓት አንዴ ብቻ ቢያለቅስ ምን ነበር አልኩ።

ኦጎላ ጆሮውን በሩ ላይ አስጠግቶ፣ እንዲያለቅስ እየጠበቀ ቆመ።