ከናጋው በኋላ

«ደህና ነኝ ይለኛል ደብዳቤው ሲከፈት፣…»

ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶባታል። ፈርሃና ይህችን አንድ መስመር የያዘችው በልጅነቷ ነው፤ ጎረቤታቸው ሀረገወይን፣ የወታደር ሚስት፣ ልብስ ስታጥብ ከአጥር ወዲያ ስታዜም ሰምታ። ቀጣዩ ላይ ስትደርስ ግን «እም… እም…» ብላ ታልፈዋለች።

ነገሌ ቦረና ገበያ ዳር ያለችው ጠባብ ሱቋ የአባቷ የዓብዱልመጂድ ነበረች። ሰውየው በሕይወት ሳሉ ለሻይ ቤቱም ለልብስ ሰፊውም በቆርቆሮ ላይ ሰሌዳ ይጽፉ ነበር። «ሰሌዳ ተቀምጦ ለሚያነብ አይጻፍም፤ እየሮጠ ለሚያልፍ ነው» ይሏት ነበር ብሩሻቸውን እያጠቡ። ልጅቷ ከቆርቆሮ ወደ ኮምፒውተር ተሻገረች። ማመልከቻ ተየበች፣ ፎቶ ኮፒ አነሳች፣ እያደር የድረ ገጽ ሥራ ለመደች። ሰሌዳው ተለወጠ እንጂ ሙያው ያው ነው።

በዚያ ዓመት፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ እርጉዞችንና ሕመምተኞችን በስልክ የሚከታተል አንድ ድርጅት «የፈያን የፊት ገጽ አሻሽይልን» አላት። ፈያ የመተግበሪያው ስም ነው፤ በኦሮምኛ ጤና ማለት ነው። አሮጌው ገጽ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፎቶ ነበረው፤ ከሥሩ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ የተንዛዛ ጽሑፍ። ሰው ይከፍተዋል፣ ያዛጋል፣ ይዘጋዋል።

ፈርሃና ሁሉንም ጠራርጋ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀረች። ገጹ ሲከፈት የራሷ ድምፅ፣ ሞቅ ብሎ፣ «አካም? ናጋ?» ይላል፤ «እንዴት ነው? ሰላም?» እንደማለት። ከሥሩ ሁለት ክብ ምልክት፤ አረንጓዴው «ናጋ»፣ ቀዩ «አሞኛል»። ቀዩን ለተጫነ ሰው ነርስ ትደውላለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሠላሳ የማይበልጡት ተጠቃሚዎች ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑ። በየማለዳው ስክሪኑ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይፈስሳል፤ ዝናብ ጠግቦ የከረመ መስክ ይመስላል። ውጭ ግን ሣር የሚባል የለም፤ ከፊት ለፊቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንድ አባኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ አንገቱን ቀብሮ ይቆማል፤ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል።

ከነጠብጣቦቹ አንዷ ታናሽ እህቷ ሸምሳ ናት። የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ባሏ ሚክዳድ ዶሎ ኦዶ ሱቅ ስላለው እዚያው ናቸው። ፈርሃና ራሷ መዝግባታለች፤ የእህቷን ነጠብጣብ በስልኳ ታያለች። በየማለዳው አረንጓዴ። ስለዚህ መደወል ተወች። ድምፅዋን ከሰማች አሥራ ሁለት ቀን ሆናት።

ያን ዕለት ጠዋት፣ ቁርስ ሳትቀምስ እንደወጣች፣ አባባ ጃልዴሳ መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ገቡ። በዚያ ፀሐይ ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ሀረገወይንም ለጡረታ ማመልከቻ ልታስጽፍ ወንበር ይዛለች።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ወባ ናት፣ ልጄ። ከትናንት ወዲያ ጀምራ ትጋልበኛለች።»

ፈርሃና ገጹን ልትሞክርባቸው ስልኩን ሰጠቻቸው። «አካም? ናጋ?» አለ ስልኩ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው፣ አረንጓዴውን ተጫኑ።

ሀረገወይን ሳቀች። «ኧረ አባባ! ጥርስዎ እየተንገጫገጨ ናጋ ይላሉ?»

«ታዲያ ምን ልበል?» ተቆጡ። «ሰላም ብላ ጠየቀችኝ፣ ሰላም አልኳት። ሰላምታ ላይ በሽታ ይወረወራል? መጀመሪያ እኔ ናጋ፣ ቤቱ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ። ወሬ ከዚያ በኋላ ነው። ይቺ ግን ናጋዬን ተቀብላ ዝም አለች። አላሳደጓትም!»

ፈርሃና ሳቅ ጀምራ አቆመች። ስክሪኑን አየች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው፤ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ሳታውቀው ማንጎራጎር ጀመረች፤ ያቺኑ ግማሽ።

«ደህና ነኝ ይለኛል ደብዳቤው ሲከፈት…»

«ከደህናው ጀርባ ነው የተደበቀው ሞት» ብላ ገጠመችላት ሀረገወይን፣ ማመልከቻዋን እያጠፈች። «ምነው? ምን አየሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ!»

ፈርሃና ግን ለእህቷ እየደወለች ነበር።

«ሸምሳ፣ አካም ነሽ?»

«ናጋ።»

«ሚክዳድስ?»

«ናጋ። አንቺስ?»

«ናጋ። ከናጋውስ በኋላ?»



«ራሴን ይፈልጠኛል» አለች ሸምሳ ቀስ ብላ። «አራት ቀኔ ነው። ዓይኔ ላይ ዝንብ የመሰለ ነገር ይበርራል። እግሬም ጫማ እምቢ ብሏል።»

«ታዲያ ቀዩን ለምን አልተጫንሽም?!»

«በአንቺ ድምፅ አይደል የሚጠይቀኝ? ሰላም ስትዪኝ ምን ልበልሽ?»

ፈርሃና ለነርሷ ደወለች። ነርሷ ምልክቶቹን ሰምታ እስክትጨርስ አልጠበቀችም። «የእርግዝና ደም ግፊት ነው፤ አሁኑኑ ሆስፒታል!» አለች። ሚክዳድ የጭነት አይሱዙ ለምኖ ይዟት ወጣ። ከዚያ መንገድ ላይ የሚክዳድ ስልክ ኔትወርክ አጣ።

ፈርሃና ምን ታድርግ? እጇ የሚያውቀውን አደረገ። አረንጓዴውን ለሚጫን ሁሉ ሁለተኛ ጥያቄ አከለች። ድምፅዋን ሦስቴ ደጋግማ ቀዳች። «ናጋ ይሁን። ከናጋው በኋላ ምን ወሬ አለ?» ከሥሩ የታመመ ሰው ሕመሙን የሚነካበት ስዕል፤ ራስ፣ ዓይን፣ ያበጠ እግር፣ ደም። አዲሱን ገጽ ለቀቀችና ሁሉም እንደገና እንዲከፍቱት መልእክት ላከች።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከቀትር በኋላ አንድ ነጠብጣብ ቀላ። ቀጥሎ ሁለት። ቀጥሎ እንደ ኩፍኝ። ነርሶቹ በስልክ ተጠመዱ። ፈርሃና ግን አንዷን ብቻ ታያለች፤ የሸምሳ መብራት እንደ ጠዋቱ አረንጓዴ ነው፤ ውሸታም አረንጓዴ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚክዳድ ደወለ። ሰላምታውን ዘለለው።

«በቀዶ ጥገና አዋለዷት» አለ እያለከለከ። «ሴት ናት፤ ትንሽዬ። ሸምሳ ነቅታለች። ሐኪሙ ‹ነገ ቢሆን ኖሮ› አለና ቃሉን አልጨረሰም።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ፉዚያ ሩዝና የፍየል ሥጋ አቅርበው ቆመው ጠበቋት። «ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆድሽን! ተቀመጪ!»

ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። አርባ ሦስት ቀይ። ከአረንጓዴዎቹ መካከል አንዲት ዲንቄ የምትባል አለች፤ ገጠር ያለች እርጉዝ፤ ከአምስት ቀን በፊት ናጋ ብላ ከዚያ ወዲህ ያልከፈተች። ነርሷ ስድስት ጊዜ ደውላላታለች፤ አይነሳም። ሊነጋ ሲል ወደ መንደሯ መኪና ይሄዳል ተብሏል።

«ብይ እንጂ፣ ልጄ» አሉ እናቷ።

ፈርሃና እጇን ታጠበች፣ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፏ አደረሰች።